የግዛት ሕገ መንግሥትና የዜጎች መብት፤ በዳኛ ዊልያም ብሬናን ጽሑፍ ላይ የቀረበ ሂስ

ዳኛ ዊልያም ብሬናን ስለ ግዛቶች ሕገ መንግሥትና ስለ ግለሰብ መብት ጥበቃ በ1977 በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ያሳተሙት ጽሑፍ ከሃያ ገጽ አይበልጥም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ አገር ስለ ዜጎች መብት በሚሟገቱት ጠበቆችና ማኅበሮች ዘንድ ይህን ያህል የተነበበና የተጠቀሰ የዳኛ ድርሰት እጅግ ጥቂት ነው። እኛም ጽሑፉን በጥሞና ካነበብነው በኋላ፣ ዋናው ሐሳብ ትክክል መሆኑን ብናምንም፣ ደራሲው ክብደት ሰጥተው ያልመረመሩት አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ ብለን ስለ ተገነዘብን ይህን ሂስ ለማቅረብ ተነሣሥተናል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዳኛውን ሐሳብ ለመረዳት አስቀድሞ ማንነታቸውን ማወቅ ይጠቅማል። ብሬናን ከአየርላንድ ከፈለሱ ወላጆች የተወለዱ ሰው ናቸው። በኒው ጀርሲ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዳኝነት ሲያገለግሉ ከቆዩ በኋላ በ1956 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ለአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሾሟቸው፤ በዚያም እስከ 1990 ድረስ ሠርተዋል። ስለዚህ በግዛቱም በማዕከሉም ወንበር ተቀምጠው የፈረዱ ናቸው። አርል ዋረን ሰብሳቢ በነበሩበት ዘመን ያ ፍርድ ቤት በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በግዛት ፍርድ ቤት እንዳይቀርብ (1961)፣ ከባድ ወንጀል ተከሶ ጠበቃ ለማቆም ገንዘብ የሌለው ሰው በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት (1963)፣ ተይዞ የሚመረመር ሰው ዝም የማለት መብት እንዳለው ፖሊስ አስቀድሞ እንዲነግረው (1966) ወስኗል። ዋረን በ1969 ጡረታ ሲወጡ ግን ዘመኑ ተለወጠ፤ አዲስ የተሾሙት ዳኞች የቀድሞውን ፍርድ እያጠበቡ ይተረጕሙ ጀመር። ቀድሞ ከአብዛኛዎቹ ጋር ሆነው ፍርድ ይጽፉ የነበሩት ብሬናን ብዙ ጊዜ የልዩነት ሐሳብ ጸሐፊ ሆኑ። የ1977ቱ ጽሑፍ የመነጨው ከዚህ ሁኔታ ነው።

የጽሑፉ ክርክር በአጭሩ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕገ መንግሥት ማንኛውም ግዛት ከዚያ በታች እንዳይወርድ የተበጀ ወሰን ነው እንጂ፣ ከዚያ በላይ ከፍ እንዳይል የሚከለክለው ነገር የለም። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕገ መንግሥት አለው፤ በውስጡም የመብት ዝርዝር አለው። እንዲያውም ከእነዚህ ዝርዝሮች አንዳንዶቹ በ1791 ከጸደቀው የፌዴራል የመብት ዝርዝር በዕድሜ ይበልጣሉ። ስለዚህ የግዛት ዳኛ ዋሽንግተን ያለው ፍርድ ቤት የተናገረውን ብቻ እየደገመ መቀመጥ የለበትም፤ የራሱን ሕገ መንግሥት ገልጦ ማንበብ አለበት። ፍርዱ በግዛቱ ሕግ ላይ ብቻ የቆመ ከሆነም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊነካው አይችልም። (ይህ የመጨረሻው ነጥብ በ1983 በሚሺጋን ጉዳይ በተሰጠ ፍርድ ጠበቅ ያለ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የግዛቱ ፍርድ ቤት ውሳኔው በግዛቱ ሕግ ላይ የተመሠረተ መሆኑን በግልጽ መናገር ይኖርበታል።)

ሐሳቡ በሥራ ሲተረጐም ምን እንደሚመስል ለማየት የሳን አንቶኒዮን ከተማ ነገር መመልከት ይበቃል። በቴክሳስ ግዛት በዚህች ከተማ ኤጅውድ የሚባል የድኾች ሠፈር አለ፤ ነዋሪዎቹ አብዛኛዎቹ የሜክሲኮ ተወላጆች ናቸው። ለትምህርት ቤት የሚወጣው ገንዘብ በአመዛኙ ከሠፈሩ የቤትና የመሬት ግብር ስለሚሰበሰብ፣ ድኻው ሠፈር ከባለጠጋው ሠፈር ይበልጥ በከፍተኛ መቶኛ ግብር እየከፈለ እንኳ ትምህርት ቤቱ ሲፈርስ ይታይ ነበር። በ1968 የኤጅውድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ትምህርታቸውን አቋርጠው በሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት ዲሜትሪዮ ሮድሪገዝና ሌሎች ወላጆች ክስ መሠረቱ። ነገሩ ዋሽንግተን ደርሶ በመጋቢት 1973 አምስት ዳኞች ከአራት በልጠው ፈረዱባቸው፤ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ትምህርትን መሠረታዊ መብት አድርጎ አይጠብቅም ተባለ። ብሬናን ከተሸነፉት ከአራቱ አንዱ ነበሩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተመሳሳይ ጉዳይ ለድኾቹ ልጆች ፈረደ። ምክንያቱ የኒው ጀርሲ ሕገ መንግሥት ግዛቱ የተሟላና ብቁ የሆነ የሕዝብ ትምህርት እንዲያደራጅ ስለሚያዝ ነው። የግዛቱ ምክር ቤት ገንዘቡን ሳያወጣ ሦስት ዓመት ቢያጓትት፣ ፍርድ ቤቱ በጁላይ 1976 ትምህርት ቤቶቹ ገንዘብ እንዳያወጡ አግዶ ዘጋቸው፤ ምክር ቤቱም በጥቂት ቀን ውስጥ የገቢ ግብር ሕግ ለማውጣት ተገደደ። (ወሩ የዕረፍት ወር ስለ ነበረ ልጆቹ ብዙም አልተጐዱም፤ የተጨነቁት የምክር ቤቱ አባላት ናቸው።) ኤጅውድስ? ኤጅውድም በመጨረሻ ረታ። በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በተሸነፈ በአሥራ ስድስተኛው ዓመት፣ ማለትም በ1989፣ የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በአንድ ድምፅ የግዛቱ የትምህርት ገንዘብ አከፋፈል የቴክሳስን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብለው ፈረዱለት። በ1968 በሰልፍ የወጡት ተማሪዎች በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ አርባ እየተጠጋ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ከዳኛው ጋር ነን። ከዚህ በኋላ የምንለያይበት ይመጣል።

የመጀመሪያው ጉድለት፣ ዳኛው ዳኛ በመሆናቸው የሚያዩት ፍርድ ቤትን ብቻ መሆኑ ነው። በግዛት ደረጃ የመብት ትግል ሲጀመር ከዳኛ ፊት አልተጀመረም። በሥራ ቅጥር በዘርና በሃይማኖት ልዩነት እንዳይደረግ የሚከለክለውን የመጀመሪያ የግዛት ሕግ በ1945 ያወጣው የኒው ዮርክ ምክር ቤት ነው፤ አገረ ገዥው ቶማስ ዲዊም ፈረሙበት። ተመሳሳይ የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1964 ሲሆን፣ በመካከሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለ። በትምህርት ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን መለየት ሕገ ወጥ እንዲሆን በ1947 በሕገ መንግሥት የደነገገችው ደግሞ ኒው ጀርሲ ናት፤ ይህም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 ስለዚሁ ጉዳይ ዝነኛውን ፍርድ ከመስጠቱ ሰባት ዓመት በፊት ነው። ብሬናን ራሳቸው በዚህችው ግዛት፣ በዚህችው ሕገ መንግሥት ሥር የፈረዱ ዳኛ ሲሆኑ፣ ይህን ሕገ መንግሥት ያስገኘው የሕዝብ ጕትጐታ በጽሑፋቸው ተገቢውን ስፍራ አላገኘም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የኬንታኪ ነገር ነው። በማርች 5 ቀን 1964 አሥር ሺህ ያህል ሰው በግዛቲቱ ዋና ከተማ በፍራንክፈርት ተሰልፎ፣ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ለማንም ሰው በእኩልነት ክፍት እንዲሆኑ ሕግ ይውጣ ሲል ጠየቀ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግና የቤዝቦል ተጫዋቹ ጃኪ ሮቢንሰን ከሰልፈኞቹ ጋር ነበሩ። ዋሽንግተን በዚያ ጊዜ በዚሁ ጉዳይ ላይ ይከራከር ነበርና፣ ሰልፈኞቹ ሁሉ ዓይናቸውን ወደዚያ ቢያቀኑ ባልተፈረደባቸው ነበር። እነርሱ ግን ወደ ቅርቡ ባለ ሥልጣን ሄዱ፤ ስሙን ወደሚያውቁት፣ በምርጫ ጊዜ በደጃቸው ወደሚያልፈው። ያን ጊዜ ምክር ቤቱ እምቢ አለ። በጃንዋሪ 1966 ግን ሕጉ ጸድቆ አገረ ገዥው ኤድዋርድ ብሪዝት ፈረሙበት፤ በደቡብ አገር ከሚገኙት ግዛቶች መካከልም የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ሕግ ሆነ። እንግዲህ የግዛት ሕግ ማለት በፍርድ ቤት መደርደሪያ ተቀምጦ ዳኛ እስኪገልጠው የሚጠብቅ መጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል። በአሜሪካ አገር «የግዛቶች መብት» የሚለው ቃል በጥቁር ሕዝብ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ ማንም ታሪክ ያነበበ ተማሪ ያውቀዋል። በ1957 የአርካንሳስ አገረ ገዥ ኦርቫል ፎበስ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ሊትል ሮክ ከተማ ከሚገኘው ትምህርት ቤት እንዳይገቡ በጦር ያገዱት በዚህ ቃል ስም ነው፤ ተማሪዎቹም የገቡት ፕሬዚዳንቱ የፌዴራል ጦር ስለ ላኩላቸው ነው። በ1956 የአላባማ ግዛት ለጥቁሮች መብት የሚታገለውን ብሔራዊ ማኅበር (ኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ.) ከግዛቱ አስወጥቶ የአባላቱን ስም ዝርዝር አምጣ አለው። ስም መስጠት ማለት አባሎቹን ከሥራ ለሚያባርርና በሌሊት ቤታቸውን ለሚያቃጥል ሰው አሳልፎ መስጠት ስለ ነበረ ማኅበሩ እምቢ ቢል፣ የግዛቱ ፍርድ ቤት መቶ ሺህ ዶላር ቀጣው። ከዚህ ቅጣት ያዳነው በ1958 ዋሽንግተን የተሰጠው ፍርድ ነው፤ ያም ሆኖ ማኅበሩ አላባማ ውስጥ እንደገና ሥራውን ለመጀመር የቻለው በ1964 ነው። በአገራችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል የኖረውን ተረት አንድ የአላባማ ጥቁር ሰው ቢሰማው፣ በንጉሥ ፈንታ አገረ ገዥ ብሎ በቀላሉ ይረዳው ነበር።

ቨርጂኒያም እንዲሁ በ1956 ይኸው ማኅበር በጠበቆቹ አማካይነት በፍርድ ቤት እንዳይከራከር የሚያግድ ሕግ አውጥታ ነበር። በ1963 ይህን ሕግ ያፈረሰውን ፍርድ የጻፈው ማን ነው? ዊልያም ብሬናን ናቸው። ለመብት በፍርድ ቤት መከራከር ራሱ የመናገርና የመሰብሰብ ነጻነት አካል ነው ሲሉ ያን ጊዜ የጻፉት ፍርድ፣ በእኛ አስተያየት ከ1977ቱ ጽሑፋቸው ይበልጣል። በግዛት ደረጃ መሟገት ይቻል ዘንድ ግዛቱ ሊዘጋው የማይችል በር አስቀድሞ በማዕከል መከፈት ነበረበት ማለት ነው። በወንጌል ትምህርት ያደግን ተማሪዎች ሐዋርያው ጳውሎስ በአውራጃው ገዥ በፊስጦስ ፊት ቆሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ ማለቱን እናስታውሳለን። በኢየሩሳሌም ቢዳኝ ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ዳኛው ይህን ፈጽመው አልዘነጉትም። የአሜሪካ ዜጋ ጥበቃ ከሁለት ወገን እንደሚመጣለትና፣ የፌዴራሉ ወገን ሽባ ሆኖ የግዛቱ ብቻ ቢቀር ነገሩ እንደማይሠምር በጽሑፋቸው መጨረሻ ያሳስባሉ። እኛ የምንለው ማሳሰቢያው አጭር ነው ነው። ተስፋው ብዙ ገጽ ሲሰጠው አደጋው በጥቂት ቃል ታልፏል።

አደጋውም በ1977 የማይታይ አልነበረም። የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል የሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የግዛቶች ሦስት አራተኛ ስምምነት ስለሚያስፈልግ፣ እስካሁን የተሻሻለው 27 ጊዜ ብቻ ነው። የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት ግን ከ1879 ወዲህ ከ500 ጊዜ በላይ ተሻሽሏል፤ ለማሻሻያው የሚበቃው በምርጫ ቀን የአብዛኛው መራጭ ድምፅ ነውና። የሚከተለውም ይህ ነው። በ1964 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ቤት ሻጭና አከራይ በዘር ምክንያት እንዳይከለክል ከአንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣውን ሕግ የሚያፈርስ አንቀጽ በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ በከፍተኛ ድምፅ ወሰነ፤ ይህን አንቀጽ በ1966 የሻረው የግዛቱ ፍርድ ቤት የተደገፈው በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ላይ ነው፤ ዋሽንግተንም በ1967 አጸናው። በየካቲት 1972 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሞት ቅጣት የግዛቱን ሕገ መንግሥት ይቃረናል ሲል ፈረደ፤ ይህም ብሬናን በኋላ የመከሩት ዓይነት ፍርድ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ሕዝቡ ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ፍርዱን ሻረው። ፍርዱ የቆየው ዘጠኝ ወር ነው። ከጽሑፉ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነ ነገር ነውና፣ በጽሑፉ ውስጥ ሰፊ ምርመራ ይገባው ነበር።

ከጽሑፉም በኋላ እንዲሁ ነው። በ1982 ፍሎሪዳና ካሊፎርኒያ ስለ ብርበራ የግዛቱ ዳኞች ከዋሽንግተን የበለጠ ጥበቃ እንዳይሰጡ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ እጃቸውን አሰሩ። በ1986 የካሊፎርኒያ መራጮች የግዛቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ሮዝ በርድንና ሁለት ባልደረቦቻቸውን ከወንበራቸው አወረዱ፤ ዋናው ክስ የሞት ፍርድ ደጋግመው ይሽራሉ የሚል ነበር። ብሬናን በዕድሜ ልክ ሹመት ተቀምጠው፣ በምርጫ ሊወርድ የሚችለውን የግዛት ዳኛ «ደፍረህ ፍረድ» ይሉታል። ምክሩ መልካም ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው።

ታዲያ የግዛት ትግል ከንቱ ነው ማለታችን ነው? አይደለም። የፍሎሪዳ ታሪክ ሁለቱንም ፊት በአንድ ላይ ያሳያል። በፍሎሪዳ በወንጀል የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ በኋላም ድምፅ የመስጠት መብቱን እንዳጣ ይኖር ነበር። ዴዝመንድ ሚድ የሚባሉ፣ ራሳቸው ታስረው የወጡ በኋላም ሕግ የተማሩ ሰው የመሩት ንቅናቄ ከሰው ሰው ፊርማ እያሰባሰበ በ2018 ማሻሻያ ለሕዝብ አቀረበ፤ ለማጽደቅ 60 በመቶ ያስፈልግ ነበር፣ ከ64 በመቶ በላይ አገኘ። ወደ 1.4 ሚሊዮን ሰው መብቱ ይመለስለታል ተብሎ ተገመተ። በቀጣዩ ዓመት ግን የግዛቱ ምክር ቤት «ቅጣቱን ጨረሰ» ማለት የገንዘብ መቀጮውንና የፍርድ ቤት ወጪውን ሁሉ ከፍሎ ሲያበቃ ነው የሚል ሕግ አወጣ። የሚያስገርመው፣ አንድ ሰው ስንት ዕዳ እንዳለበት ግዛቱ ራሱ በቅጡ ሊነግረው አለመቻሉ በፍርድ ቤት መረጋገጡ ነው። ያም ሆኖ የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2020 ሕጉን አጸናው። ሕዝብ የሰጠውን ምክር ቤት ቀነሰው፤ ማዕከሉም ዝም አለ። ሆኖም ዕዳቸውን የከፈሉ ወይም ዕዳ ያልነበረባቸው ብዙ ሰዎች በዚህ ማሻሻያ መራጭ ሆነዋል፤ ያለ ፊርማው ዘመቻ አንዱም ባልሆነ ነበር።

የመራጭ ሕዝብ ሥልጣንም ሁልጊዜ መብትን የሚቀንስ አይደለም። የካንሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 በግዛቱ ሕገ መንግሥት አረጋግጦት የነበረውን የፅንስ ማቋረጥ መብት የሚሽር ማሻሻያ በኦገስት 2022 ለሕዝብ ቀርቦ፣ ወግ አጥባቂ በምትባለው በዚህች ግዛት በሰፊ ልዩነት ወድቋል። አንባቢ ስለ ጉዳዩ ያለው እምነት ምንም ይሁን ምን፣ ለእኛ ክርክር ማስረጃነቱ የካሊፎርኒያን ያህል ነው። በ2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1965ቱን የምርጫ መብት ሕግ ዋና ክፍል ከሥራ ውጭ ካደረገው በኋላም አንዳንድ ግዛቶች የራሳቸውን የምርጫ መብት ሕግ አውጥተዋል፤ ከቀድሞው የደቡብ ኮንፌዴሬሽን ግዛቶች በ2021 የመጀመሪያ የሆነችው ቨርጂኒያ ናት፤ ያቺው የ1956ቷ ቨርጂኒያ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጸደቀው የፌዴራል ሕገ መንግሥት በሦስተኛው ምዕራፍ መሠረታዊ መብቶችን ይዘረዝራል፤ በአንቀጽ 13ም እነዚህን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት በየደረጃው ላሉት የፌዴራልና የክልል አካላት ሁሉ ይሰጣል። ክልሎችም የየራሳቸው ሕገ መንግሥት አላቸው። በአንድ ነገር የእኛው ከአሜሪካው ይጠነክራል፤ በአንቀጽ 105 መሠረት የመብቱ ምዕራፍ ሊሻሻል የሚችለው የክልል ምክር ቤቶች በሙሉ ሲስማሙና ከሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁት ስለሆነ፣ በኅዳር 1972 ካሊፎርኒያ ላይ የሆነው በፌዴራሉ የመብት ምዕራፍ ላይ ሊደርስ አይችልም። በሌላ ነገር ግን ይለያል፤ የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት የመተርጐም ሥልጣን በአንቀጽ 62 የተሰጠው ለፍርድ ቤት ሳይሆን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። እንግዲህ ብሬናን ለግዛት ዳኞች ያቀረቡትን ጥሪ እንዳለ ወስዶ ለክልል ዳኞች ማስተላለፍ አይቻልም። የኬንታኪ ሰልፈኞች የሄዱበት መንገድ፣ ማለት ወደ ክልሉ ምክር ቤት መሄድ፣ ለእኛ ሁኔታ የበለጠ ይቀርባል ብለን እናስባለን፤ በዚህ ላይ የሕግ መምህሮቻችን አስተያየት ቢሰጡበት እንወዳለን።

የብሬናንን ጽሑፍ ለመምህራንና ለጓደኞቻችን እንዲያነቡት እንመክራለን። ሲያነቡት ግን የ1963ቱን የቨርጂኒያ ፍርድ ከጎኑ ያስቀምጡ፤ ሁለቱም የአንድ እጅ ጽሑፍ ናቸው፣ ቀድሞ መነበብ ያለበትም ፍርዱ ነው።